ስለ ነርቭ ሥራና ስለ ሰው ፈቃድ

ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋና ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ የተፈጠረ መሆኑን በጉባኤ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሥጋው ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት ነው፤ ነፍሱም ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ናት። ይህን ትምህርት በልጅነቴ ስቀጽል አንድ ጥያቄ በልቤ ቀርቶ ነበር። ነፍስ ረቂቅ ናት፤ እጅ ግን ግዙፍ ነው፤ ታዲያ ነፍስ የፈቀደችውን እጅ የሚሰማው፣ እጅም የነካውን ነፍስ የምታውቀው በምን መልእክተኛ ነው? መምህሬን ብጠይቃቸው «የፈጠራቸው አስማማቸው፤ አንተ ቀለምህን አጥና» ብለው አለፉኝ። መልሳቸው እውነት ነበር፤ ነገር ግን መልእክተኛው ማን እንደ ሆነ አልነገረኝም።

ከብዙ ዘመን በኋላ ይህን የተረሳ ጥያቄ ሁለት ሰዎች አስታወሱኝ። አንደኛው የንስሐ ልጄ የሆነ፣ በመሥሪያ ቤቱም የተከበረ ሰው ነው። ተቆጥቶ ሚስቱን መትቷት ኖሮ ሽማግሎች ለዕርቅ ሲቀመጡ እኔም ተጠርቼ ነበርሁ። በደሉን እንዲያምን በጠየቅነው ጊዜ እንዲህ አለ፦ «አባቴ፥ የሰው ሐሳብ በአንጎል ውስጥ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ እንደ ሆነ ሐኪሞች ጽፈዋል። የእኔ ነርቭ ቶሎ የሚቀጣጠል ነው። የመታት ነርቬ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።» ይህን የተናገረው በኑዛዜ ሳይሆን በሸንጎ ነው፤ እንድጽፈውም ፈቅዶልኛል። ሁለተኛዋ የሚጥል በሽታ ያደረባት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይዛ የመጣች እናት ናት። «ጎረቤቶቼ ከልጄ ጋር ልጆቻቸውን አያጫውቱም፤ ጋኔን ነው፣ የወላጆቿ ኀጢአት ነው ይሉኛል። ልጄ ምን በድላ ነው?» አለችኝ።

የሁለቱ ነገር ቢራራቅም ጥያቄያቸው አንድ ነው። ነርቭ የሠራው ሥራ የሰውዬው ሥራ ነውን? ሰውዬው የፈቃዱን ሥራ በነርቭ ላይ አሳበበ፤ ጎረቤቶቹ ደግሞ የነርቩን ሥራ በነፍስ ላይ ጫኑ። በሁለተኛው ነገር እኔም ከጎረቤቶቹ ጋር ነበርሁ፤ ይህንንም በስፍራው እናገራለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ስለማላውቀው ነገር መፍረድ አስፈርቶኝ፣ ከአንድ ወዳጄ ሐኪም ዘንድ እየተመላለስሁ የነርቭን ነገር ለመማር ተቀመጥሁ። ከተማርሁትም ለካህናት ወንድሞቼና ለምእመናን ይጠቅማል ያልሁትን እጽፋለሁ።

«ሕዋስ» የሚለው ቃል በእኛ መጻሕፍት የሚያየውን፣ የሚሰማውን፣ የሚያሸተውን፣ የሚቀምሰውንና የሚዳስሰውን የሚያመለክት ነው። የዘመኑ ሐኪሞች ግን ይህንኑ ቃል ወስደው፣ ሥጋ ሁሉ የተሠራባትን፣ በዐይን የማትታየውን ትንሽ ክፍል ሰይመውበታል። መጀመሪያ ስሰማው ቃላችንን የነጠቁን መስሎኝ ቅር ብሎኝ ነበር። ስለ ነርቭ ሕዋስ ከተማርሁ በኋላ ግን ስሙ ከቦታው እንደ ገባ አየሁ፤ አምስቱ ሕዋሳት የሚያዩትና የሚሰሙት በዚህች ሕዋስ ነውና።

የነርቭ ሕዋስ እንደ ሌሎቹ በቀጭን ሽፋን የተከበበች ናት፤ የምትለየው ክር የሚመስል ረጅም ቅጥያ ያላት በመሆኗ ነው። ከሕብለ ሰረሰር ተነሥቶ እስከ እግር ጣት የሚወርደው ክር አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ውፍረቱ ግን ከጠጉር እጅግ ያንሳል። በሰው አንጎል ውስጥ ያሉት የነርቭ ሕዋሳት 86 ቢሊዮን ያህል እንደ ሆኑ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ገልጧል።

የምልክቱ ምሥጢር ያለው በሽፋኑ ላይ ነው። አንዱ ሚሊ ሜትር በሚሊዮን ቢከፈል የሽፋኑ ውፍረት ሰባት ወይም ስምንት እጅ ብቻ ይሆናል። ከሽፋኑ ውጭ ያለው ውኃ በምንበላው ጨው ውስጥ የሚገኘው ሶዲየም የበዛበት ነው፤ ከሽፋኑ ውስጥ ያለው ደግሞ ፖታሲየም የሚባለው ሌላ ጨው የበዛበት ነው። ሁለቱም በውኃው ውስጥ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ደቂቅ ቅንጣቶች ሆነው ይመላለሳሉ። እንደ ልማዳቸው ቢተዉ ኖሮ ተቀላቅለው እኩል ይሆኑ ነበር፤ ነገር ግን በሽፋኑ ላይ ሦስት ሶዲየም ወደ ውጭ ባወጣ ቁጥር ሁለት ፖታሲየም ወደ ውስጥ የሚያስገባ፣ ሌት ተቀን የማይተኛ ሠራተኛ አለ። ይህን ሠራተኛ በ1957 እ.ኤ.አ. ያገኘው የዴንማርኩ ሊቅ የንስ ስኮው ነው፤ ስለዚሁም በ1997 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ከዚህ ሥራ የተነሣ፣ ደግሞም ፖታሲየም በጥቂቱ ወደ ውጭ ስለሚሾልክ፣ የሕዋሷ ውስጥ ከውጭው ይልቅ በ70 ሚሊ ቮልት ያህል ዝቅ ብሎ ይኖራል። ይህ ከእጅ ባትሪ ድንጋይ ኀይል ሲነጻጸር ከሃያ አንድ እጅ ያህል ስለሆነ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ኀይል የተወጠረው በዚያ ቀጭን ሽፋን ላይ መሆኑን አስተውሉ፤ በአንድ ሜትር ቢሰላ 10 ሚሊዮን ቮልት ያህል ይሆናል፤ አየርን ሰንጥቆ ብልጭታ ለማውጣት የሚበቃው 3 ሚሊዮን ያህል ነው። እንግዲህ በእያንዳንዳችን ውስጥ ከደመና ውጥረት የሚበልጥ ውጥረት ያለ ድምፅ ተሸክመን እንሄዳለን። አንጎል ከሰውነት ክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ብቻ ሲሆን፣ ሰው ዐርፎ በተቀመጠበት ጊዜ ከሚያወጣው ኀይል ከመቶ ሃያ እጅ ያህሉን ይወስዳል፤ ከዚህም ብዙው የሚውለው ለዚሁ ነው። ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ዐርፌአለሁ ይላል፤ የሕዋሱ በር ጠባቂ ግን አላረፈም።

ጣት እሳት በነካ ጊዜ በክሩ ጫፍ ላይ ያለው ውጥረት ይላላል። ጥቂት ብቻ ከላላ ምንም ሳይሆን ይመለሳል። ከ70 ወደ 55 ሚሊ ቮልት ያህል ከወረደ ግን ደፉን ተሻገረ ማለት ነው፤ በሽፋኑ ላይ ያሉት የሶዲየም በሮች በአንድነት ይከፈታሉ፤ ሶዲየምም ይጎርፋል፤ ዝቅ ብሎ የነበረው ውስጥ ከውጭው በላይ ከፍ ይላል። ወዲያው የሶዲየም በሮች ይዘጋሉ፤ የፖታሲየም በሮች ይከፈታሉ፤ ነገሩም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህ ሁሉ በአንድ ቦታ የሚፈጸመው አንድ ሰከንድ ለሺህ ተከፍሎ በአንዱ ወይም በሁለቱ እጅ ጊዜ ነው። ያ ቦታ በተናወጠ ጊዜ የጎረቤቱን በር ይከፍታል፤ ጎረቤቱም የጎረቤቱን።

ስለዚህ የነርቭ ምልክት በመብራት ሽቦ ውስጥ እንደሚሄደው ኤሌክትሪክ አይደለም፤ ይልቁንስ በበጋ በደረቀ ሣር ላይ እንደሚሄድ እሳት ነው። እያንዳንዱ ስፍራ በራሱ ኀይል ይነድዳል፤ ስለዚህም ምልክቱ ሩቅ ቢሄድ አይደክምም። የተቃጠለውም ሣር ወዲያው ደግሞ እንደማይቃጠል፣ የተዘጉት በሮች ለጥቂት ጊዜ እንደገና ስለማይከፈቱ ምልክቱ ወደ ኋላ አይመለስም። ሣሩ እስኪበቅል ክረምት ያስፈልገዋል፤ የነርቡ ክረምት ግን ከሰከንድ ሺህኛ እጅ ብዙ አያልፍም።

ሌላም ነገር አለ። ደፉን የተሻገረ ምልክት ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ግማሽ የለውም። ታዲያ ነፍስ ፍሙን ከሞቀ ውኃ በምን ትለየዋለች? የእንግሊዙ ሊቅ ኤድጋር ኤድሪያን፣ በ1932 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበለው፣ የሚለየው በድግግሞሽ መሆኑን አሳየ። የቤተ ክርስቲያን ደወል ለቅዳሴ ሲደወልና ለቃጠሎ ሲደወል የብረቱ ድምፅ አንድ ነው፤ ሰው ሮጦ የሚወጣው ግን በችኮላ የተደጋገመውን ሲሰማ ነው።

የምልክቱን ፍጥነት ማንም ሊለካው እንደማይችል ዮሐንስ ሙለር የተባለው የጀርመን መምህር አስቦ ነበር። የራሱ ደቀ መዝሙር ሔልምሆልትዝ ግን በ1850 እ.ኤ.አ. በእንቁራሪት ነርቭ ላይ ለካው፤ በሰከንድ 27 ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ። (ደቀ መዝሙር መምህሩን እንዲህ ሲያርም መምህሩ ሊደሰት ይገባል፤ በእኛ ጉባኤ ቤት ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም።) በሰው ላይ ስባማ ልባስ የለበሱት ወፍራም ክሮች በሰከንድ እስከ 100 ሜትርና ከዚያም በላይ ያደርሳሉ፤ ልባስ የሌላቸው ቀጫጭኖቹ ግን ከሁለት ሜትር አያልፉም። እግራችን ድንጋይ በመታው ጊዜ መምታቱን አስቀድመን ዐውቀን፣ የሚያቃጥለው ሕመም ዘግይቶ የሚመጣው በዚህ ነው።

የበሮቹን ሥራ በቍጥር የገለጡት ሁለት እንግሊዛውያን፣ ሆጅኪንና ሃክስሊ ናቸው። ስኩዊድ የሚባል የባሕር እንስሳ ከነርቭ ክሮቹ አንዱ ግማሽ ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሚወፍር፣ ውስጡ ሽቦ ለማስገባት ይመቻል። በ1939 እ.ኤ.አ. ጀምረው፣ ጦርነቱ አቋርጧቸው፣ በ1952 እ.ኤ.አ. ሥራቸውን አሳተሙ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. ተሸለሙ። ከባሕር የወጣ እንስሳ ስለ ሰው ሐሳብ ማስተማሩ እኔን ያስደንቀኛል።

ምልክቱ ከክሩ ጫፍ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። በአንዷ ሕዋስና በቀጣይቱ መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ፤ እሳቱ በብዙ ስፍራ ይህን ክፍተት አይሻገርም። ሊቃውንቱ በዚህ ነገር ሲከራከሩ ኖረው፣ ኦቶ ሎቪ የተባለው ሐኪም በትንሣኤ ዋዜማ ሌሊት የፈተናውን መንገድ በሕልም አየ። ተነሥቶ በወረቀት ጫረው፤ ሲነጋ የገዛ ጽሕፈቱን ማንበብ አልቻለም። በማግሥቱ ሌሊት ያው ሕልም ሲመለስለት ግን አልተኛም፤ ወደ ሥራ ቤቱ ሄደ። የአንዲት እንቁራሪት ልብ በነርቭ ምልክት እንዲዘገይ አደረገ፤ ልቡ የነበረበትንም ውኃ ወስዶ በሌላ ልብ ላይ ሲያፈስሰው፣ ነርቡ ያልተነካው ሁለተኛው ልብ ዘገየ። በ1921 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይህ ነገር ክፍተቱን የሚሻገረው ቅመም መሆኑን አስረዳ።

ቅመሞቹ ብዙ ናቸው፤ ለነገራችን የሚያስፈልጉት ሁለት ዐይነት ናቸው። ግሉታሜት የሚባለው ተቀባይቱን ሕዋስ «ተነሺ» ይላታል፤ ጋባ የሚባለው «ዝም በይ» ይላታል። አንዲት ሕዋስ ከሺህ ከሚበልጡ መገናኛዎች ይህንና ያንን ትሰማለች፤ የሁሉ ድምር ደፉን ካሻገራት ብቻ የራሷን ምልክት ትልካለች። በጤናማ አንጎል ውስጥ ከሚናገሩት ባልተናነሰ ዝም የሚያሰኙትም ይሠራሉ። ማኅሌት የቆመ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም፤ ቀኝ ሲመራ ግራ ይጠብቃል፤ ግራ ሲቀበል ቀኝ ያርፋል፤ ከበሮውም ጊዜውን ይጠብቃል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢመሩ፣ ከበሮውም ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢመታ፣ ድምፁ ይበዛል እንጂ ማኅሌት አይሆንም።

የሚጥል በሽታ ይኸው ነው። ዝም የሚያሰኘው ወገን ደክሞ ወይም የሚያስነሣው ወገን በርትቶ፣ እጅግ ብዙ ሕዋሳት በአንድነት ይነድዳሉ። የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከራስ ቅል ውጭ መቅዳት እንደሚቻል ሐንስ በርገር በ1929 እ.ኤ.አ. ካሳተመ ወዲህ፣ ይህ መናወጥ በወረቀት ላይ ተስሎ ይታያል። ምክንያቱ በወሊድ ጊዜ የደረሰ ጉዳት፣ የራስ ቅል መመታት፣ የማጅራት ገትር ወይም ከአባት ከእናት የመጣ የበሮቹ ጉድለት ሊሆን ይችላል፤ በብዙዎች ላይም ምክንያቱ ተፈልጎ አይገኝም። በእኛ አገር በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ተጠንቶ በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመው ጽሑፍ ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለባቸው፣ ከእነርሱም እጅግ የሚበዙት የዘመኑን ሕክምና እንዳላገኙ አሳይቷል። ሺህ ምእመናን ባሉበት አጥቢያ አምስት ማለት ነው። እያንዳንዳችን ካህናት ስማቸውን እናውቀዋለን ወይስ ቤት ተዘግቶባቸዋል?

አሁን የራሴን በደል እናገራለሁ። ያች እናት ወደ እኔ ስትመጣ ልጅቱ ከጤና ጣቢያ የተሰጣት ፌኖባርቢታል የሚባል ኪኒን ነበራት። ይህ መድኃኒት በጀርመን አገር በ1912 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሕመም መዋል የጀመረ፣ ዋጋውም የማይከብድ ሲሆን፣ የሚሠራው ዝም የሚያሰኘውን የጋባን ቃል በማበርታት ነው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። «ጠበል ካስጀመርሻት በኋላ ኪኒኑን ተዪው፤ ሁለት ልብ አይሁንብሽ» አልኋት። እናቲቱ የካህን ቃል አክብራ ተወችው። በአራተኛው ቀን ልጅቱ ቡና ከሚፈላበት ምድጃ አጠገብ ብቻዋን ሳለች ወደቀች፤ ቀኝ እጇ ከፍሙ ውስጥ ገባ። ጎረቤት ደርሶ ሲያወጣት መንቀጥቀጡ አላቆመም፤ አንዱ ሳይለቃት ሌላው ይይዛት ነበር። አንዱ ክብሪት ጭሮ ያሸታታል፤ ሌላው አረፋው እንዳይነካው ይሸሻል። ወደ ሆስፒታል ተወስዳ በሕይወት ተረፈች፤ ሁለት ጣቶቿ ግን ተጣብቀው ቀሩ።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። ለብዙ ጊዜ በመድኃኒት የተገታ አንጎል ልጓሙ በድንገት ሲወልቅለት ከቀድሞው ብሶ እንደሚነሣ፣ በዚህም የሚሞቱ እንዳሉ በቀስታ ነገረኝ። ቆሜ ሰማሁት። እናቲቱም አልወቀሰችኝም፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ ከበደኝ። ጠበሉ አልጎዳትም፤ የጎዳት ስለ ጠበሉ እኔ የጨመርሁት ቃል ነው።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ስፍራ አንድ ጥያቄ እንዳለህ አውቃለሁ። ከተራራው ሥር ወደ ጌታ የቀረበው፣ ብዙ ጊዜ በእሳትና በውኃ ውስጥ ይወድቅ የነበረው ልጅ በጋኔን ተይዞ አልነበረምን? ነበረ። ያንን ያየው ግን ልብና ኵላሊትን የሚመረምር እርሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ደግሞም ወንጌላዊው ማቴዎስ በአራተኛው ምዕራፍ ወደ ጌታ የመጡትን ሲዘረዝር ጋኔን ያደረባቸውንና በጨረቃ የሚነሡትን ለየብቻ ቈጥሯቸዋል፤ በጨረቃ የሚነሡ የሚባሉት የሚጥላቸው እንደ ሆኑ መተርጕማን ይናገራሉ። ሁለቱ አንድ ቢሆኑ ኖሮ ሁለት ስም ባላስፈለጋቸው ነበር። የጽርዕ ሐኪም ሂፖክራጥስ፣ ወይም በእርሱ ስም የጻፈው ሰው፣ ከክርስቶስ ልደት 400 ዓመት ያህል አስቀድሞ ይህ ሕመም ከአንጎል እንደሚነሣ፣ ከሌሎቹም ሕመሞች ይልቅ የተለየ መለኮታዊ ነገር እንደሌለበት ጽፏል። አረማዊ ዐውቆት ሲያበቃ እኛ ሳናውቀው መቅረታችን ያሳፍራል። ከ1984 እስከ 2004 ዓ.ም. ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስም በኤች አይ ቪ የታመሙት ጠበሉን ሲጠመቁ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ በይፋ ማስተማራቸው ይታወሳል። ስለዚያ ሕመም የተነገረው ለዚህኛው የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ሰውዬው እንመለስ። እርሱ «ነርቬ ነው የመታት» ሲል ከባዶ አልተነሣም። ቤንጃሚን ሊቤት የተባለ የአሜሪካ ሊቅ በ1983 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ፈተና ሰዎች በወደዱት ጊዜ እጃቸውን እንዲያንቀሳቅሱ፣ መውደዳቸውንም ያወቁበትን ቅጽበት እንዲናገሩ አደረገ። የአንጎሉ ኤሌክትሪክ መነሣት የጀመረው እጅ ከመንቀሳቀሱ ግማሽ ሰከንድ ያህል አስቀድሞ ነው፤ ሰውየው ግን መፍቀዱን ያወቀው ከመንቀሳቀሱ ከሰከንድ አምስተኛ እጅ ያህል ብቻ አስቀድሞ ነው። ከዚህም የተነሣ አንዳንዶች «አንጎል ቈርጦ ካበቃ በኋላ ነው ለሰው የሚነገረው፤ ፈቃድ የሚባል የለም» አሉ።

እኔ ይህን ስሰማ አልደነገጥሁም፤ ሁለት ምክንያት ነበረኝ። የመጀመሪያው ሊቤት ራሱ ይህን አለማለቱ ነው፤ በቀረችው ጥቂት ጊዜ ሰው የተነሣውን ነገር ሊከለክለው ይችላል ብሎ ያምን ነበር። ኋላም በ2012 እ.ኤ.አ. ሸርገርና ባልንጀሮቹ ያ ቀስ ብሎ የሚነሣው ምልክት አስቀድሞ የተቈረጠ ፍርድ ሳይሆን፣ በአንጎል ውስጥ እንዲሁ የሚወጣና የሚወርድ መናወጥ ተደምሮ ደፉ ዘንድ ሲደርስ የሚታይ ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ። ሁለተኛው ምክንያቴ ከእኛው ቤት ነው። ሐሳብ ሳይጠራ እንደሚመጣ አባቶች መነኮሳት ከማንም በፊት ያውቁ ነበር፤ በበረሃ ተቀምጠው የታገሉት ከዚሁ ጋር ነው። የመጣውን ሁሉ ኀጢአት አላሉትም፤ ከመጣ በኋላ ማሳደሩን፣ ማነጋገሩን፣ እሺ ማለቱን ነው የጠየቁት። ሐሳቡ ከእኔ ዕውቀት በፊት ተነሣ ቢባል እንግዲህ ምን አዲስ ነገር ተባለ? ደግሞስ ያለ ምክንያት የእጅን አንጓ ማንቀሳቀስ የሥነ ምግባር ሥራ ነውን? ማንም ሰው ሚስቱን የሚመታው ወይም ከመምታት የሚታቀበው በግማሽ ሰከንድ ውስጥ አይደለም፤ ለዚያች ግማሽ ሰከንድ ዓመታት ሲዘጋጅላት ኖሯል።

ይህንንም ነርቭ ራሱ ይመሰክራል። ኤሪክ ካንደል፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበለው፣ አፕሊዥያ በምትባል የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ መርምሮ፣ ነገር ሲደጋገምባት የሕዋሳቷ መገናኛ እንደሚበረታ፣ ብዙ ከተደጋገመም አዲስ መገናኛ እንደሚበቅል አሳየ። ልማድ በሥጋ ላይ ይጻፋል ማለት ነው። ቁጣውን ለዓመታት የመገበ ሰው የተረገጠ መንገድ ሠርቶለታል፤ መንገዱ አሁን ይዞት ቢሮጥ፣ የጠረገው እርሱ አይደለምን?

ለሰውዬው ግን ይህን ሁሉ አልነገርሁትም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። «በመሥሪያ ቤት አለቃህ በሰው ፊት ሲዘልፉህ ነርብህ ተቀጣጥሎ መትተሃቸው ታውቃለህ?» አልሁት። ዝም አለ። ከሽማግሎቹ አንዱ «ታዲያ ይህ ነርቭ ደመወዝ ከፋዩን ይለያል ማለት ነው» ቢሉ ተሳቀ፤ እርሱ ግን አልሳቀም። የልጅቱ ሕመም ሲጥላት ማንንም አይመርጥም፤ በካህን ፊትም፣ በሹም ፊትም፣ በእሳት ዳርም ይጥላታል። የእርሱ ቁጣ ግን በር ተዘግቶ፣ የማትመታው ሴት ፊት ለፊት እስክትቆም ይታገሣል። መታገሥ የሚችል ነገር እሺ ያለው ጌታ አለው።

ዳሩ ግን እንዲህ ስል ነገሩ ሁልጊዜ ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። በ1848 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፊንያስ ጌጅ የተባለ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ የብረት ዘንግ የአንጎሉን ፊት በስቶት ሲያልፍ በሕይወት ቢተርፍም፣ ጨዋና አስተዋይ የነበረው ሰው ተሳዳቢና ዋልጌ እንደ ሆነ ሐኪሙ ጽፏል። እንዲህ ያለው ሰው ወደ እኔ ቢመጣ ስንቱን በእርሱ፣ ስንቱን በቁስሉ እንደምቈጥር አላውቅም። ስለዚህ ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ሰው ሲያጋጥመኝ ቀኖና ከመስጠቴ በፊት ወደ ሐኪም እልከዋለሁ። ይህም በአንዳንድ ባልንጀሮቼ ዘንድ አስተችቶኛል፤ እቀበለዋለሁ።

ሰውዬው ከሽማግሎቹ ፊት «እኔ ነኝ የመታኋት» ብሎ ለመናገር ሦስት ቀጠሮ ፈጅቶበታል። ሚስቱ ወዲያው ወደ ቤቱ አልተመለሰችም፤ እንድትመለስም አላስገደድናትም።

ልጅቱ ዛሬ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ትዘምራለች፤ በተጣበቁት ጣቶቿም ብዕር ይዛ ትጽፋለች። ሐኪሙ መድኃኒቷን ለውጦላት ጠዋትና ማታ የምትውጠው ሌላ ሰጥቷታል፤ ከወደቀችም ሁለት ዓመት አልፏታል። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን ወደ እኔ መጥታ «አባቴ፥ የጠዋቱን ኪኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ላቆየው?» ብላ ጠየቀችኝ። ፍትሐ ነገሥት ሕሙማንን ከጾም ሕግ እንደሚያሳርፍ ነግሬያት፣ በሰዓቱ እንድትወስደው አዘዝኋት።

«በውኃ?» አለችኝ።

«በውኃ» አልኋት።